የአባዬ ደብተርና ያልተጻፈችው ክፍል

በልጅነቴ የሸዕባን ወር ሲገባ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ረመዷን ሊገባ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባዬ ሱቁን በጊዜ ይዘጋና እኔንና ሁለቱን ወንድሞቼን ወደ ውስጥ ያስገባናል። ከዚያ ቆጠራ ነው። ቆርቆሮ በቁጥር፣ ሽቦ በጥቅል፣ ቀለም በጣሳ፣ ሚስማር በኪሎ። አዳማን የሚያውቅ ሙቀቷን ያውቃል። በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ ቆርቆሮ መቁጠር ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት አያውቀውም።

«አባዬ፣ ሚስማሩን በግምት ብናደርገውስ?» ይላል ታናሽ ወንድሜ፣ በየዓመቱ።

«የሰው ገንዘብ በግምት አይሆንም» ይላል አባዬ፣ እሱም በየዓመቱ።

ይቺ «የሰው ገንዘብ» የምትባል ነገር ግራ ታጋባኝ ነበር። ሱቁ የእኛ፣ ሚስማሩ የእኛ። የማን ሰው ነው? ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። በአባዬ ሒሳብ ከአርባ ኪሎ ሚስማር አንዱ ኪሎ የእኛ አልነበረም። እኛ ጋ የተቀመጠ የሌላ ሰው አደራ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም እንጂ ባለቤት አለው።

እኔ አሁን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። «ይሄን ደረቅ ሙያ ምን ብለሽ መረጥሽው?» ሲሉኝ ሚስማሩ ትዝ ይለኛል።

አባዬ ከሞተ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለ እሱ ደግነት ለማውራት አይደለም። ደግ አባት የሌለው ማን አለ? የምጽፈው ስለ ደብተሩ ነው። በደብተሩ ውስጥ ስላለውም፣ በደብተሩ ውስጥ ስለሌለውም።

ደብተሩ ባለ ካሬ ነው፣ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ። ከገንዘብ መሳቢያው ሥር ነው ያገኘነው። መጀመሪያው ላይ የዱቤ ሒሳብ አለ። መሐል ላይ ከላይ «ዘ» የሚል ፊደል ያለባቸው ገጾች አሉ፤ እነዚህ የዘካ ናቸው፤ ሀብት ያለው ሙስሊም በየዓመቱ ከአርባ አንዱን የሚያወጣበት ግዴታ ማለት ነው። ወደ መጨረሻው «ቀ» የሚል ይመጣል፤ ቀርድ ማለት ነው፣ ያለ ወለድ የሚሰጥ ብድር።

የዘካውን ገጾች ሳነብ እንደ ባለሙያ ቀናሁ። አባዬ ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። አሠራሩ ግን ንጹሕ ነው። የሱቁን ዕቃ በገዛበት ሳይሆን ቆጠራው በዋለበት ቀን በሚሸጥበት ዋጋ ይይዛል። እጁ ላይ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ይጨምራል። ይመለሳል ብሎ ተስፋ የሚያደርገውን ዱቤ ይጨምራል። ለአስመጪው መክፈል ያለበትን ይቀንሳል። መደርደሪያውን፣ ሚዛኑን፣ ሱቁን ራሱን አይቆጥርም፤ የሚሸጡ አይደሉምና። ለምሳሌ ዕቃው 600,000 ብር ቢያወጣ፣ በእጅ 80,000 ቢኖር፣ የሚመለስ ዱቤ 40,000 ቢሆን፣ ዕዳው ደግሞ 120,000 ቢሆን፣ የሚቀረው 600,000 ነው። ለአርባ ሲካፈል 15,000 ብር። በቃ። ዕዳ በመቀነሱ ላይ ሊቃውንቱ ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አባዬ ግን በወቅቱ የሚከፈለውን ብቻ ነበር የሚቀንሰው።

ሒሳቡ በጨረቃ ዓመት ነው የሚሄደው። የጨረቃ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ የአባዬ ቆጠራ አንዱ ዘመን ላይ በበጋ ይውላል፣ ሌላው ዘመን ላይ በክረምት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ግን ሰኔ 30 ላይ ተተክሎ ይጠብቅሃል። አባዬ በሁለት የቀን መቁጠሪያ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ይዘጋ ነበር። ለግብሩ ሲቆጥር ፊቱ እንደ ለዘካው ይበራ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም።

ዘካ የሚወጣበት መነሻ አለው፤ ኒሷብ ይባላል። በወርቅ 85 ግራም፣ በብር 595 ግራም። በነቢዩ ዘመን 20 የወርቅ ዲናርና 200 የብር ዲርሃም ማለት ነበር፤ ያኔ ሁለቱ በዋጋ ይቀራረቡ ነበር። ዛሬ ወርቁ ሰማይ ወጥቷል፣ ብሩ ከኋላ ቀርቷል። በወርቅ የለካ ሰው ሀብታም ካልሆነ ዘካ አይደርስበትም፤ በብር የለካ ሰው ግን ትንሽ ጥሪት ካለው ይደርስበታል። አባዬ በብር ነበር የሚለካው። «ለድሃው የሚሻለው እሱ ነው» ይል ነበር።

ብር ስል የአማርኛችን ነገር ሳቄን ያመጣዋል። ማዕድኑም ብር፣ ገንዘቡም ብር። ዱሮ እኮ ገንዘቡ ራሱ ማዕድኑ ነበር። የአያቶቻችን ጠገራ ብር፣ የማርያ ቴሬዛው፣ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን ነው። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 26 ጠገራ ብር ዓመት ሙሉ ያስቀመጠ ሰው ዘካ ይደርስበት ነበር ማለት ነው። አያቴ ስንት ጠገራ እንደነበረው የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስሌቱ ይሄው ነው። የሚከብደው መስጠቱ ነው። ለማን?

ቁርኣን በአት-ተውባ ምዕራፍ 60ኛው አንቀጽ ላይ ስምንት ዓይነት ሰዎችን ይቆጥራል። ድሆች፣ ችግረኞች፣ ዘካውን የሚሰበስቡ ሠራተኞች፣ ልባቸው ወደ እስልምና እንዲለመድ የሚፈለጉ፣ በባርነት ያሉ፣ ባለዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ ያሉ፣ መንገደኛ። ሦስተኛዋን ልብ በሉልኝ። ዘካውን የሚሰበስበው ሠራተኛ ራሱ ከዘካው ይከፈለዋል። ይህ ማለት ነገሩ ሲጀመርም ቢሮ ታስቦለታል። ሠራተኛ ካለ መዝገብ አለ፤ መዝገብ ካለ ጠያቂና ተጠያቂ አለ። በማሌዥያ ዛሬም በየክልሉ ዘካን የሚሰበስብና የሚያከፋፍል ተቋም አለ። እኛ ዘንድ ግን ዘካ ባብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ነጋዴው ያወጣል፣ ሰልፉ ይቆማል።

ሰልፉን አባዬ አይወደውም ነበር። ረመዷን ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው በየነጋዴው በር ላይ ሴቶችና ሽማግሌዎች ይሰለፋሉ። ከአንዱ በር ሃምሳ፣ ከሌላው መቶ። ፀሐዩ ናላ ያዞራል፣ ጾሙ አለ። ሰጪው ኮራ ብሎ ይቆማል፣ ተቀባይ ነጠላውን ወይ ሻሹን ወደ ፊቱ ይስባል። ሁለቱም በማግስቱ ያው ናቸው፤ መቶዋ በዘይት ታልቃለች። አባዬም ለተወሰኑት ይሰጥ ነበር፣ ጎረቤት ጎረቤት ነውና። ትልቁን ግን በሌላ መንገድ ያወጣው ነበር።

ደብተሩ ላይ በአንዱ ዓመት ገጽ «ፈረስ፣ ከሁለት ሰው ጋር» ተብሎ ተጽፏል። እማዬን ጠየቅኋት። አባዬና ሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ዘካቸውን አንድ ላይ አድርገው ለአንድ ባለ ጋሪ ፈረስ ገዙለት። የአዳማ ጋሪ፣ ባጃጅ ሳይወጋው በፊት፣ ቤተሰብ ያኖር ነበር። የሰውየው ፈረስ ሞቶበት ጋሪው ግቢው ውስጥ ተገልብጦ ዶሮ ይሰፍርበታል። ሦስቱ ነጋዴዎች ሸሁን ሲጠይቁ መልሱ አጭር ነበር አሉ። በሻፊዒ መዝሐብ፣ ማለትም በሻፊዒ የሕግ ትምህርት ፈለግ፣ ሊቃውንት ዘንድ ለድሃው ከድህነት የሚያወጣውን ያህል መስጠት ይቻላል፤ ለእጅ ባለሙያው መሣሪያውን፣ ለነጋዴው መነሻውን። የነቢዩ ባልደረባና ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብም «ስትሰጡ እስኪበቃው ስጡ» ይሉ እንደነበር ይወራል። ባለ ጋሪው በሚቀጥለው ረመዷን ሰልፍ ላይ አልታየም። እማዬ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበር። «ፈረሱ እንኳ ክፉ ነበር፣ ይናከሳል» ብላ ጨመረችበት።

ወደ «ቀ» ገጾች ስንመጣ ሙያዬ ተናደደ። እዚህ ሥርዓት የለም። ስም ሳይሆን ቅጽል ነው የተጻፈው። «ረጅሙ ሊስትሮ፣ 300»። «የቆሎዋ እናት፣ 500»። «ጋሼ ሰፊው፣ 2,000»። ይህ የመጨረሻው ከሱቃችን አጠገብ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤታችን ነው፤ ክርስቲያን ነው፣ የአንድ እድር ሰዎች ነን። ቀን የለም። የተወሰኑት ላይ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ተከፍለው ነው? ተትተውላቸው ነው? አይታወቅም።

ቀርድ የሚባለው ብድር ቀላል ነው። አምስት መቶ ትሰጣለህ፣ አምስት መቶ ትቀበላለህ። ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም ብትጠይቅ ሪባ ነው፣ ክልክል። በእኛ አገር አራጣን የሚጠላው እስልምና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ሰፊው ዳዊት ደጋሚ ነው፤ «ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር» የሚለውን መዝሙር አንብቦልኛል። የወንጀል ሕጋችንም አራጣን ይቀጣል። ባለዕዳው ከቸገረው ደግሞ ቁርኣን በአል-በቀራ 280ኛው አንቀጽ እስኪመቸው ጠብቁት ይላል። ብትተዉለት ይበልጥ ይሻላችኋል ብሎ ያክላል።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር አግኝቼ ብቻዬን ሳቅሁ። በአንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ አባዬ በትንንሽ ፊደል «ሸሁ አይሆንም አሉ» ብሎ ጽፏል። ነገሩን ከእማዬ ሰማሁት። አንድ ዓመት ገበያው ሲከፋ የማይመለሱትን ብድሮች «ለእነዚህ ድሆች ምሬያቸዋለሁ፣ ይሄ የዘንድሮ ዘካዬ ይሁንልኝ» ማለት ፈልጎ ነበር። አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን አይቀበሉም። ዘካ ከኪስህ ወጥቶ ድሃው እጅ የሚገባ ነገር ነው፤ የሞተ ዕዳህን ዘካ ብለህ ከሰየምከው ራስህን ነው የጠቀምከው። የማይሰበሰብ ተሰብሳቢ ሒሳብን ወጪ አድርጎ መዝጋት በእኛ ሙያ የታወቀ ነው። አባዬ ሳያውቀው የሒሳብ ሠራተኛ ብልጠት ሞክሯል። ሸሁም እንደ ጎበዝ ኦዲተር ያዙት።

እስካሁን የነገርኳችሁ በደብተሩ ያለውን ነው። አሁን የሌለውን ልንገራችሁ።

ከሱቃችን ጀርባ አንዲት ክፍል አለች። በሯ ወደ ጎን መንገዱ ይከፈታል። እኔ ሃይስኩል ሳለሁ ጀምሮ ተከራይ ነው ያለባት፤ አንዴ ፀጉር ቤት፣ አንዴ የሞባይል ጥገና። ኪራዩ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። አባዬ በየወሩ ተቀብሎ ለሰፈሩ መድረሳ ኡስታዝ ይወስደዋል። ሕፃናት ቁርኣን የሚያስቀሩት ኡስታዝ ሌላ ደመወዝ የላቸውም። «ይቺ ክፍል የእኔ አይደለችም» ይል ነበር አባዬ። እኛም እንደ ቀልድ እንሰማው ነበር።

ወቅፍ ይሉታል። ነገሩ የተጀመረው በነቢዩ ዘመን ነው። ዑመር በኸይበር መሬት ደረሳቸው፣ ከዚያ የሚበልጥ ንብረት አግኝተው አያውቁም ነበር። ምን ላድርገው ብለው ሲጠይቁ ነቢዩ ከፈለግህ ዋናውን ያዘውና ፍሬውን ስጠው አሏቸው። ዑመርም እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍ፣ እንዳይወረስ አድርገው ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛ አዋሉት። ሌላው የነቢዩ ባልደረባ ዑስማን ደግሞ በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝቡ ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመንገደኛ ማረፊያው፣ የሾርባ ቤቱ በወቅፍ ቆሞ ኖረ። ዘካ በዓመቱ ወጥቶ ያልቃል፤ ወቅፍ ግን ዋናው ቁጭ ብሎ ፍሬው ይበላል። እንደ ማንጎ ዛፍ ነው፤ ሶደሬ መንገድ ላይ ማንጎ የገዛ ሰው ዛፉን አይጭንም።

አባዬ ሲሞት በጀናዛው ላይ ታላቅ ወንድሜ እንደ ደንቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። «አባታችን ዕዳ ያለበት ሰው ካለ፣ እኛ አለን።» ሁለት ሰዎች መጡ፤ ከፈልን። «አባታችን ለአላህ የሰጠው ነገር ካለ የሚያውቅ አለ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከአርባ ቀን በኋላ ስለ ውርሱ ተቀመጥን። ካርታው በአባዬ ስም ነው፤ ሱቁም ክፍሏም በአንድ ካርታ ላይ። ታናሽ ወንድሜ አይሱዙ ይነዳል፣ መኪናውን በዕዳ ነው የገዛው፣ ሚስቱ ሁለተኛዋን ልጅ ልትወልድ ነው። «ክፍሏስ?» አለ።

«ክፍሏ ወቅፍ ናት» አልኩ።

«የት ተጽፏል?»

ዝም አልኩ። ደብተሩን አገላበጥኩ። ሚስማር አለ፣ ፈረስ አለ፣ የሊስትሮው ሦስት መቶ ብር አለ። ከአንድ መቶ ገጽ በላይ ውስጥ ስለዚያች ክፍል አንዲት መስመር የለም። ሚስማር በግምት አይሆንም ያለ ሰው የሱቁን አንድ አራተኛ በቃል ትቶት ሄደ።

እማዬ ተቆጣች። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም?» አለችው። ወንድሜም ልጅ አይደለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል ሲባልም ሰምቻለሁ እማዬ» አላት። ሁለቱም ተረት እውነት ነው፤ ሁለቱም የእኛው ናቸው። መሐላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ዞር ብሎ ደግሞ «ዕዳ ያለበት ሰው ከስምንቱ ስድስተኛው ነው እኮ፣ ለእኔም ዘካ ይገባኛል» ብሎ አሳቀን። እውነቱን ነው፤ ለተቸገረ ወንድም ዘካ መስጠት ይቻላል። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም።

ወደ ሸሁ ሄድን። በሸሪዓ ወቅፍ በቃልም ይጸናል አሉን። ሰውየው በሕይወቱ በጤናው የሰጠው ከሆነ የሲሶው ገደብም አይመለከተውም፤ ሲሶው ለኑዛዜ ነው። ግን ምስክር ይፈልጋል። «ማን ሰማው?» አሉ። እኛ ሰምተናል፤ እኛ ግን ወራሾች ነን። ከዚያ ሸሁ ጥቂት ዝም ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሶላት አይደለም፣ ስለ ጾምም አይደለም። የአል-በቀራ 282ኛው ነው፤ የሚያወራውም ብድር ስትበዳደሩ ጻፉት፣ ጸሐፊ አቁሙ፣ ሁለት ምስክር ያዙ እያለ ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ለመጻፍ አትሰልቹ ይላል። «አባታችሁ ይህንን አንቀጽ በቃሉ ያውቀው ነበር» አሉ ሸሁ። «አለመጻፉ ከእኔም ነው። እኔም ኪራዩን ስንት ዓመት አየሁ፣ ወረቀት የት አለ አላልኩትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምብሰለሰልበት ነገር ይሄ ነው። እድራችንን ተመልከቱ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ስብሰባ የቀረ ይቀጣል፣ ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል። የጠፋ ብርጭቆ እንኳ በማን ድንኳን እንደጠፋ ተጽፎ ይነበባል። እቁብም እንደዚያው፤ ያለ ዋስ ዕጣ የሚወስድ የለም። መጻፍ አናውቅም እንዳንል እናውቅበታለን። ለአላህ ብለን የሰጠነውን ግን መጻፍ እናፍራለን። ይታይብኛል፣ ጉራ ይመስልብኛል ብለን። ሰደቃ ሲሆን ግራ እጅ ቀኙ የሰጠውን ባያውቅ መልካም ነው። ቤት ሲሆን ግን ግራ እጅ ካላወቀ ይወርሰዋል።

በእርግጥ የእኛ አገር ወቅፍ የደከመው በእኛ ሐፍረት ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ከኪራይ የሚተዳደር የሃይማኖት ተቋም ሁሉ ጉሮሮው ታነቀ፤ መስጂዱም ቤተ ክርስቲያኑም። ዛሬም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ወቅፍ የሚደረገው በላዩ ያለው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። እንዲህም ሆኖ ሕጉ ወቅፍን አያውቀውም ማለት አይቻልም። የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶችን፣ ማለትም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን፣ ያቋቋመው የ1936 ዓ.ም. አዋጅ ወቅፍን በስሙ ይጠራዋል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 በ1992 ዓ.ም. ሲወጣም ወቅፍ፣ ስጦታና ውርስ ከሥልጣኑ ውስጥ ገብተዋል፤ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም በዚያ ለመዳኘት ከተስማሙ ነው። ስምምነቱን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ አስቀምጦታል። በሩ ክፍት ነበር ማለት ነው። አባዬ አልገባበትም።

ሰዎች ይህን ሳወራ «አሁንማ ከወለድ ነፃ ባንክ አለ» ይሉኛል። አለ። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንካችን ሆነ፤ ሂጅራም ተከተለው፤ በሌሎቹ ባንኮች ውስጥ ያለው መስኮት ከዚያም ይቀድማል። እኔም ደብተር አለኝ። ግን ሁለቱን አናምታታ። ባንክ ሙራባሓ ሲሠራ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥልሃል። ንግድ ነው፣ ሐላል ንግድ። ማስያዣ ለሌላት የቆሎዋ እናት አምስት መቶ ብር የሚያበድራት አባዬ እንጂ ባንኩ አይደለም።

ለእሷ የሚሆነውን ፓኪስታን ውስጥ ሠርተውት አይቻለሁ፣ በንባብ። አኹወት ይባላል፣ ወንድማማችነት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በላሆር ዶክተር አምጃድ ሳቂብና ጓደኞቹ አንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት 10,000 ሩፒ ያለ ወለድ አበደሯት። መለሰች። ያንኑ ለሌላ ሰጡ። እንዲህ እያለ ትልቅ ተቋም ሆነ። ብድሩ የሚሰጠው መስጂድ ውስጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይሰጣል። ከአባዬ የ«ቀ» ገጽ የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር መዝገቡ ነው። እነሱ ቀን ይጽፋሉ።

ወደ ክፍሏ ልመለስ።

ምስክር ተገኘ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሼ ሰፊው። «እኔ አለሁ» አለ፣ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ። አባዬ ያን ግድግዳ ሲያስገነባ «ይህቺን ለልጆቹ ቂርአት ነው የምሠራት፣ ከእኔ ንብረት ወጥታለች» ብሎት ነበር። ወንድሜ ጋሼን እንደ አባት ነው የሚያየው፤ ዋሸህ አላለውም። ነገር ግን አንድ ምስክር አንድ ነው። ፍርድ ቤት ብንሄድ ወር አይበቃም፣ ብንረታውም ወንድማችንን እናጣለን። እማዬ ይህን ስታስብ ሌሊት እንደማትተኛ አውቃለሁ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? የሚስት ድርሻ ልጅ ካለ አንድ ስምንተኛ ነው። ቀሪው ለሁለት ወንድና ለአንድ ሴት፣ ወንዱ እጥፍ ይወስዳል። ሁሉንም ወደ አንድ ሳመጣው አርባ ላይ ገጠመ። እማዬ አምስት አርባኛ፣ እኔ ሰባት፣ ወንድሞቼ አሥራ አራት አሥራ አራት። አርባ! አባዬን በሕልሜ ያየሁት መሰለኝ። እማዬ አምስቷን ወቅፍ አለች፣ እኔ ሰባቴን፣ ታላቅ ወንድሜ አሥራ አራቱን። ሃያ ስድስት አርባኛ ሆነ። ታናሼ «እኔ አሁን አልችልም» አለ። ማንም አልተጫነውም። እኔ ትንሽ አኩርፌ ነበር፣ አልደብቅም።

ያልተከፋፈለ ድርሻ ወቅፍ ይሆናል ወይ ብለን ጠየቅን። በሻፊዒ ይሆናል አሉ ሸሁ፤ ዑመር በኸይበር የነበራቸው መቶ ድርሻም ያልተከፋፈለ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ጻፍን። ማን እንደሚያስተዳድር፣ ኪራዩ ለማን እንደሚውል፣ መድረሳው ቢዘጋ ወዴት እንደሚዞር። ሁለት ምስክሮች ፈረሙ፣ ሸሁ ፈረሙ፤ ጋሼ ሰፊውም በራሱ ጥያቄ ከሥር ስሙን አስፍሮ አውራ ጣቱን ጭምር ቀለም ነክሮ አተመ። ፊርማ ለምን አይበቃም ብንለው «ይጠናከር» አለ።

ክፍሏ አሁን 4,000 ብር ትከራያለች። ተከራዩ በወሩ መጀመሪያ በስልክ ይልክልኛል። 2,600 ለኡስታዙ፣ 1,400 ለወንድሜ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አካፍላለሁ። አባዬ የተወውን ሰማያዊ ደብተር ከኋላ በኩል ገልብጬ ጀምሬበታለሁ፤ ባዶ ገጽ ብዙ ቀርቶታል።

ባለፈው ወር የኡስታዙ ልጅ ታሞ ሆስፒታል ገባ። ለወንድሜ የተለመደውን 1,400 ልልክ ስል ደወለ። ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፣ ከጀርባው የመኪና ጩኸት ይሰማል።

«የእኔን ድርሻ ለኡስታዙ ስጪው። የዚህን ወርና የሚቀጥለውን።»

«ወቅፍ ላድርገው?»

«አይደለም» አለ። «ቀርድ ነው። ሲመቸው ይመልሳል። ጻፊው።»

ጻፍኩት። ቀኑንም።